የሐሰት መዝገብ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ ስለ ውሃ መቋረጥ፥ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ዳቦ ክብደት የሚጻፉትን ደብዳቤዎች እያነበብሁ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜአለሁ። የኔ ነገር ከነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ስለ ቃላት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከአንድ የተማሪ አባት ጋር ሊያጣላኝ ጥቂት የቀረው፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ልጅ ከጨለማ ያወጣ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በጋዜጣዎ ላይ ጥቂት ሥፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀንም ማታም አማርኛ የማስተምር መምህር ነኝ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የሚናገር ምንባብ ሳስነብብ «በጅሮንድ» የሚለው ማዕርግ መጣ። ትርጉሙን የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንድ ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣና፥ ፊቱን ጭምድድ አድርጎ፥ «ቲቸር፥ በጅሮንድ ማለት ዱላም ጠመንጃም ሳይሰጠው በባዶ እጁ ሮንድ የሚዞር ዘበኛ ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ልቈጣ አስቤ ሳቄ ቀደመኝ። በጅሮንድ የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ሹም፥ ዛሬ የገንዘብ ሚኒስትር እንደምንለው ያለ ባለ ሥልጣን መሆኑን ነግሬአቸው አለፍን። በሚቀጥለው ሳምንት ስጠይቃቸው ግን ከአርባው ተማሪ በጅሮንድን የረሳ አንድም አልነበረም። በዚያው ሰሞን በደንብ አስጠንቼአቸዋለሁ ያልኋቸውን ሌሎቹን አሥር ቃላት ጠራርገው ረስተዋቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የዓርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለዚሁ አደረግሁት። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንድ እንግዳ ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በብጣሽ ወረቀት ላይ፥ ከመዝገበ ቃላት የገለበጠ አስመስሎ፥ ከራሱ የፈጠረውን ትርጉም ይጽፋል። እኔም እውነተኛውን ጽፌ ከመካከል እቀላቅለዋለሁ። ሁሉም ይነበባል፤ እጅ እየወጣ ይፈረዳል። ሐሰቱን ብዙ ሰው ያመነለት ያሸንፋል። ጨዋታውንም ልጆቹ ራሳቸው «የሐሰት መዝገብ» ብለው ሰየሙት።

«ምራን» ብዬ በጻፍሁ ጊዜ አንዲት ልጅ «የምራት ብዙ ቁጥር ነው፤ መምህር ሲበዛ መምህራን እንደሚባል ምራትም ስትበዛ ምራን ትባላለች» ብላ አቀረበች። ከክፍሉ ከግማሽ የሚበልጠው አመነላት። እውነተኛውን፥ ማለት ሞፈርንና ቀንበርን አጥብቆ የሚያያይዝ የቆዳ ጠፍር መሆኑን የመረጡት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ከሦስቱም አንዱ እጁን ያወጣው ወደ ውጭ ለመውጣት ፈቃድ ሊጠይቅ ኖሯል። ድግር ከማረሻው ግራና ቀኝ ሁኖ አፈሩን የሚገልጠው እንጨት ነው፤ «ዲግሪውን ሳይጨርስ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው» ብሎ የጻፈው ልጅ ግን ቃሉ ራሱ ጫፉ ላይ የተቈረጠ መሆኑን በማስረጃነት ጠቀሰ። ባልደራስ በቀድሞው ዘመን የፈረሰኞች አለቃ ነበር፤ በኛ ክፍል «ባል ከሥራ ወደ ቤቱ የሚደርስበት ሰዓት» ሆነ። ልቃቂት፥ በእንዝርት ተፈትሎ የተጠቀለለው ፈትል፥ «ከክፍሏ ሁሉ ልቃ የተገኘች ልጅ» ተባለ። ነገረ ፈጅ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚከራከረው የሕግ ሰው ሲሆን፥ «ቡና ላይ ወሬውን ሁሉ ብቻዋን የምትጨርስ ጎረቤት» የሚለው ትርጉም ያለ ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጥርኝ በተጻፈ ዕለት ደግሞ እውነቱ ሐሰት መሰላቸው። አንድ ቃል እንዴት አድርጎ ዝባድ የሚወጣው አውሬም፥ በእጅ መዳፍ የሚታፈስ አፈርም ሊሆን ይችላል ብለው እስከ ደወል ድረስ ተከራከሩኝ።

አንባብያን ይህን ሰምታችሁ መምህሩ ሥራ ፈት ነው እንዳትሉኝ፥ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥሩ ሐሰት መጻፍ የሚቻለው ቃሉን በትንሽ በትንሹ ፈታትቶ ላየ ሰው ብቻ ነው። ያቺ የምራኗ ልጅ የግእዝ ብዙ ቁጥር በአማርኛ እንዴት እንደሚገባ ከማናቸውም የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይልቅ በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ አሳይታለች። ሰነፉ ልጅ ግን የሚጽፈው ምንጊዜም አንድ ነው፤ «የምግብ ዓይነት» ይላል።

ለዚህ ጨዋታ ከትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት በፌስታል ተሸክሜ የማመጣቸው መዝገቦች አሉ። ከሁሉ የሚከብደው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜአቸውን ፈጁበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። የርሳቸው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ከዚያም ደስታ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። በመካከሉ በ1951 ዓ.ም. የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ግጽው ከሣቴ ብርሃን ታትሞ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ምርምር ማዕከል ያሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላትም አለ፤ ለተማሪ እጅ የሚመቸው ይህኛው ነው። ልጆቹን የገረማቸው ግን ሦስት ሰው አንድ ሥራ ሲቀባበል ይህን ያህል ዘመን መኖሩ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ፊደሉን ሀለሐመ ማለታቸው ቀርቶ በአበገደ ተራ ስላስኬዱት፥ አንዱ ተማሪ መጽሐፉን ተሸክሞ መጥቶ «ቲቸር፥ ይህ ገጹ ተዘበራርቆ ስለ ተጠረዘ ይቀየርልን» አለኝ።

ነገሩን ወደ ኋላ ስንከተለው ደግሞ እስከ ጀርመን አገር ይወስደናል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ካገኙት ከጀርመኑ ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ያስተማሩት አማርኛ፥ እርሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ሰጥመው ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1698 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት ሁኖ ታተመ። እኔ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይመጣብኛል። አባ ጎርጎርዮስ ለዚያ ፈረንጅ አንዳንዱን ቃል ሲያስረዱ አንድም ጊዜ ቀልደው አያውቁ ይሆን? በባዕድ አገር ብርድ ተቀምጦ ያለ ሰው እንዴት ሳይቀልድ ይከርማል!

በመዝገብ ላይ መቀለድ በሌላም አገር የነበረ ነው። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባወጣው በታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስለ አጃ የሰጠው ትርጉም ስኮትላንዶችን አስቀይሟል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚለውን ሲተረጉምም በራሱ ላይ ቀልዷል። ይህ ሰው ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በወጣትነቱ የአባ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ በ1735 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳትሟል፤ በ1759 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ አንድ የኢትዮጵያ መስፍን «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፏል፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። አሜሪካዊው አምብሮዝ ቢርስ እንኳ ከቀልድ በቀር ሌላ የሌለበት መዝገብ አዘጋጅቶ በ1911 እ.ኤ.አ. የሰይጣን መዝገበ ቃላት ብሎ አውጥቶታል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ለእኔም እጄን በላኝና ማታ ማታ ደብተር ላይ መሞነጫጨር ጀመርሁ። የመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ እንዳይቀየሙኝ ከራሴ ሙያ ልጀምር። ዝምታ፤ መምህር «ያልገባው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አርባ ተማሪ በአንድነት የሚሰጠው መልስ። የቤት ሥራ፤ አንድ ልጅ ሠርቶት ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ የሚገለብጠው። አሁን ወደ ቢሮ እንሻገር። ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ ሲገኝ ባለቤቱ ሲጠፋ የሚነገር። ግልባጭ፤ ሥራው እንዲሠራ ሳይሆን ጸሐፊው ከወቀሳ እንዲድን የሚላክ ወረቀት። ለሚመለከተው ሁሉ፤ ማንም እንደማይመለከተው የታወቀ እንደሆነ የሚጻፍ አርእስት። ሲስተም የለም፤ አባቶቻችን «ፋይሉ ጠፍቷል» ይሉት የነበረው በዘመኑ ቋንቋ። ነገ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለ፥ ነገር ግን ደርሶ የማያውቅ ቀን። ይህን የመጨረሻውን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ ባነብለት ለረጅም ጊዜ ከሳቀ በኋላ «ለመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ግልባጩን ስጠኝ» አለኝ። መቼ እንደሚወስደው ብጠይቀው «ነገ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ነው ጣጣው የመጣው።

ምራን የምራት ብዙ ቁጥር ናት ያለችው ልጅ ቤቷ ገብታ ትርጉሙን ለአባቷ ነገረች። ሐሰት መሆኑን ሳትነግራቸው ቀርታ እንደሆነ ወይም እርሳቸው እስከ መጨረሻው ሳይሰሟት ቀርተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም። አባትየው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ፥ ቃለ ጉባኤ አሳምረው በመጻፍ የሚመሰገኑ፥ አዲስ ቃል ሲያገኙ ኪሳቸው የማያስቀሩ ሰው ናቸው። በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንዲመርቁ ሲጋበዙ ተነሡና፥ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፥ «የቤታችን ጌጦች የሆኑትን ምራናችንን እግዚአብሔር ይባርክልን» አሉ። ከወደ ዳር የተቀመጡ ከመንዝ የመጡ አንድ ሽማግሌ ብርሌአቸውን አስቀምጠው፥ «ጌታው፥ ምራንስ ምርቃት አያሻውም፤ ቅቤ ቀብቶ ማልፋት ነው» ብለው መለሱ። ድንኳኑ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሙሽራይቱ ሳትቀር ሳቀች ይባላል።

ሰኞ ጧት አባትየው የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «መምህር፥ ልጄን የላክኋት እውነቱን እንድትማር ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ሌላ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም፤ ምክንያቱም የእርሳቸው ጥፋት እኔ ለአርባ ልጆች ያደረግሁት መሆኑን አውቄዋለሁ። ሐሰቱን በሳቅ አጅቤ እውነቱን በችኮላ ደወል ሲደወል ነው የነገርኋቸው።

ከሁለት ሳምንት በላይ ጨዋታውን አቆምሁ። እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ፊደሉን ከመጽሐፍ እንጂ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ አልተማርሁትም፤ ስለዚህ ቃል ሲያስቸግረኝ ወደ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡ፥ ቀድሞ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ አንድ አዛውንት አሉ።

«የኔታ፥ በቃል ላይ መዋሸት ኃጢአት ነው?» አልኋቸው።

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገሩኝ። ቅቤ የመቀባቱ ላይ ስደርስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ፥ «ልጄ፥ እኛ ቤት መጻሕፍቱ ሲተረጎሙ አንድም፥ አንድም እየተባለ ስንት መንገድ ይኬዳል! ነገር ግን የፊተኛውን ሳይዙ ወደ ኋለኛው አይታለፍም። አንተ የፊተኛውን ሸሽገህ የኋለኛውን አስቀደምህ። ጥፋትህ ይኸ ነው እንጂ ጨዋታውማ የአባቶችህ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን ለወጥን። ፍርዱ ካለቀ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ እውነተኛውን ትርጉም በትልቁ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከሥሩም «አንድም» ብሎ ያሸነፈውን ሐሰት ያስከትላል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ምራን፤ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዙበት ጠፍር፤ አንድም፤ የምራት ብዙ ቁጥር። ለአባትየውም ግልባጭ ላክንላቸው። በሦስተኛው ቀን በራሳቸው እጅ ጽሕፈት መልስ መጣ፦ «አንድም፤ በሠርግ ላይ የማይጠራ።» ገባ።

የማታ ተማሪዎቼ ሌላ ዓይነት ናቸው። ጥበቃ ሠራተኞች፥ የሱቅ አሻሻጮች፥ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች፥ ቀን ድንጋይ ሲሸከሙ ውለው የሚመጡ ጎረምሶች ናቸው። አብዛኞቹ ከገጠር ስለ መጡ ሞፈርና ድግር ለነርሱ እንግዳ ቃል አይደለም። ጨዋታው እዚያ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ሲያሸንፉ የነበሩት የከተማ ልጆች ተሸናፊ ሆኑ። ከሁሉም በላይ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሰው ቤት ትሠራለች። እውነተኛውን ትርጉም ስታጣ አላየሁም። ጓደኞቿም የቀኑን ክፍል ደብተር አንብበው «ልቃቂት» አሏት፤ ስሙም ጸናባት። ሁልጊዜ ከፊት፥ ከመብራቱ ሥር ትቀመጣለች። ትምህርት ሲያልቅ የአንዲት ጓደኛዋን ነጠላ ጫፍ ይዛ ትወጣለች። እኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

አንድ ምሽት «ዳፍንት» ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ጎረምሳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ «ዳቦ ፈልጎ ንፍሮ ተሰጠው ማለት ነው» አለ፤ ሊያሸንፍ ምንም አልቀረውም። ሌላው «ፊት ሳይታጠቡ ትምህርት ቤት መምጣት» ብሎ ጽፏል። ከብጣሾቹ መካከል አንደኛው «ሲመሽ ዓይን እምቢ ማለት» ይላል። እኔ ራሴ የጻፍሁት መስሎኝ ወደ ጎን አደረግሁት፤ ቀጥሎም የራሴን አገኘሁ። «ይህን ማን ጻፈ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልቃቂት እጇን አወጣች። ከየት እንዳነበበችው ብጠይቃት፥ «አላነበብሁትም፤ ጋሼ። አለብኝ» አለችኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከክፍል በኋላ ጓደኛዋ ባለችበት ጠየቅኋት። እናቷም እንዲሁ እንደነበረች፥ በሰፈራቸው ብዙ ሴት በእርግዝና ጊዜ እንደሚይዛት፥ ትልልቆቹ ጉበት ብሉ እንደሚሉ፥ ጉበት ግን ከየት ይመጣል ብላ ነገረችኝ። የዘር ነው ብላ ስለምታስብ ለማንም አልተናገረችም። ማታ ወደ ቤት ስትመለስ አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ትሄድ ኖሯል። «መጀመሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያ ድንጋይ፤ ከዚያ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ፥ እርሱ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ከርሱ ቀጥሎ ወደ ታች ነው» አለችኝ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ አሮጌዎቹ ቤቶች ለኮሪደር ልማት መነሣት ሲጀምሩ ያ ሁሉ አጥር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሄደ። ዋናው መንገድ ሰፍቶ አዲሱ መብራት ከበራ በኋላ እዚያ ላይ ጥቂት ተሽሏታል፤ በግንባታው ወራት ግን እስከ ቤቷ ለመድረስ አንድ ሰዓት የሚፈጅባት ጊዜ ነበር። አሠሪዎቿ ትዞራለች ብለው ተቈጥተዋታል፤ እርሷም አይታየኝም ከማለት ዞርሁ ማለትን መርጣለች፤ የማትታይ ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል ብላ ነው።

በማግሥቱ ከባዮሎጂ መምህርቷ ባልደረባዬ ጋር ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሙ እንዳስረዳቸው፥ ዓይናችን በጭላንጭል ብርሃን የሚያይበት ንጥረ ነገር የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው፤ ይህ ሲጎድል በመጀመሪያ የሚጠፋው የምሽት ማየት ነው። ጉበት፥ እንቁላል፥ ወተት፥ ካሮትና ጎመን የሚመከሩትም ለዚህ ነው፤ የልቃቂት አገር ሴቶች ስለ ጉበት ያሉት ትክክል ኖሯል። እርግጥ ዳፍንት ሁሉ ከምግብ አይመጣም፤ በዘር የሚወረስና በምግብ የማይመለስ የዓይን በሽታም አለ፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያዩ በጉበት ብቻ መተማመን አይገባም። የርሷ የፊተኛው ዓይነት ሆነ። መድኃኒት ተሰጣት። አሠሪዎቿም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ነገሩን በሰሙ ጊዜ አፍረው እንቁላልና ካሮት ለርሷ መግዛት ጀመሩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ ማታ ከክፍል ስንወጣ የጓደኛዋን ነጠላ ሳትይዝ ከፊታችን ቀድማ ስትሄድ አየኋት።

በደብተሩ ላይ በዳፍንት ሥር «አንድም» የሚል ለረጅም ጊዜ አልተጻፈበትም፤ የደፈረ አልነበረም። በኋላ ራሷ ተነሥታ ጻፈችበት፦ «አንድም፤ ተበዳሪ አበዳሪውን በመንገድ ሲያይ የሚይዘው በሽታ።»

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ በሁለት ታክሲ ይመላለሳሉ። እንግዲህ የሰፈሮቹ ስሞች ራሳቸው እንደ ምራንና እንደ ድግር እንግዳ ቃላት መሆን ጀምረዋል። ባለፈው ወር ቃሉን ከመዝገብ ትቼ ከፒያሳ መረጥሁ። ሰባራ ባቡር ብጽፍ «ሰልፍ ይዘን የጠበቅነው፥ ሳይመጣ የቀረው ቀላል ባቡር» አሉኝ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ባቡር ተሰብሮ ከቆመበት ነው የተሰየመው የሚባለውን የሰማ አንድም አልነበረም። ውቤ በረሃን «ውሃ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣበት ሰፈር» አሉት። የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ሰፈር መሆኑን፥ በረሃ ያሉትም የማታ ጨዋታ ወዳዶች መሆናቸውን ስነግራቸው በረሃ ማለቱ ራሱ የሐሰት መዝገብ ሥራ መሆኑ ገባቸው። ፒያሳ ከጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው፥ የቀረ ስም ነው፤ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ስለ ሆነ ፒያሳ አደባባይ የሚል ሰው አደባባይ አደባባይ ማለቱ ነው። ከርሱ በፊት ሁሉም አራዳ ነበረ፤ በጊዮርጊስ አጠገብ ትልቁ ገበያ የቆመበት። ገበያውን ጣልያኖች ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ ስሙ ግን እዚሁ ቀረና ከቦታነት አልፎ የሰው ጠባይ ሆነ። የአራዳ ልጅ ለመባል ዛሬ አራዳ መወለድ አያስፈልግም፤ አራዳ ተወልዶም ፋራ መባል አለ።

ዶሮ ማነቂያ ላይ ስንደርስ ግን ተያዝን። ዶሮ ይሸጥበትና ይታረድበት ስለ ነበር ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላም የሚሉ አሉ፤ ሰፈሩ ተነሥቶ የሚጠየቀው ሰው ግን ተበትኗል። ልጆቹ «ሁለት ዶሮ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ» ከሚለው ጀምሮ ዘጠኝ ትርጉም ጽፈዋል፤ ዘጠኙም «አንድም» ናቸው። የየኔታን ሥርዓት ስለምንከተል የመጀመሪያው መስመር ባዶውን ተቀምጧል።

ስለዚህ በዚያ ሰፈር የኖራችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ አንባብያን፥ በዚሁ ዓምድ በኩል ብትጽፉልን እጅግ ደስ ይለናል። ከማን እንደሰማችሁትና ያ ሰው በየትኛው ዘመን እዚያ እንደኖረ አብራችሁ ግለጹልን። እሪ በከንቱንና ሠራተኛ ሰፈርንም የምታውቁ እንዲሁ። ቀልድ አትላኩልን፤ እርሱ በብዛት አለን። ደብተሩን የምትጽፈው ልቃቂት ናት፤ የእጅ ጽሕፈታችሁ ደቃቅ ቢሆንም ግድ የለም፥ ማታ ታነበዋለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የአማርኛ መምህር
ከፒያሳ